ይቅርታዬን መልሱልኝ

ሎሳና እስክትመጣ ድረስ አፌ የራሴ ይመስለኝ ነበር። በመጣችበት ማታ ምንጣፌ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ፣ ጎደሬዋን በኮኮናት ወተት እየበላች፣ «ኔይ፣ እርስዎ አፍ ውስጥ የሚኖረው ፍጥረት ሱቫ ከተማ ከሚኖረው ሕዝብ ይበልጣል» አለችኝ። ኔይ ማለቷ የሥጋ አክስቷ ስለሆንኩ አይደለም። እንግዳ ሆና የገባችበት ቤት እመቤት አክስት ናት፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው።

«ታዲያ አንዱም ኪራይ ከፍሎኝ አያውቅም» አልኳት።

«ይከፍላሉ እንጂ። ስኳርዎን ይበሉና አሲድ ይከፍልዎታል። ያንን የመንጋጋ ጥርስዎን የቦረቦረው ማን ሆነና?»

ባሌ ሳኪዩሳ ከጥጉ ሆኖ፣ «የእኔዋን የታራይቪኒን አፍ ያስቸገረው ጀርም አይደለም፣ ወሬ ነው» አለ። ልጅቷ በሳቅ ጎደሬው ትን አላት።

ወደድኳት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ያደረግንባት ነገር ከጥላቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ ነው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፣ ላው ከሚባሉት ከእኛው ደሴቶች። በተቀመጠ ሰው ፊት ስታልፍ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ትላለች፣ ከአለቃ ቤት ደጃፍ ጥላዋን ታጥፋለች። ሱቫ የጥርስ ንጽህና ትምህርት ገብታ፣ ትምህርት ቤቷ ከጓደኞቿ ጋር የመንደራችንን ጥርስ እንድትፍቅ ላካት። በመጀመሪያው ዓመት ከገዛ ጥርሳቸው የፋቁትን ቆሻሻ እንደ ጄሊ ባለ ነገር ላይ ቀብተው ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጡት አሉ። ሲከፍቱት ግራጫውም ቢጫውም እንደ ሻጋታ በቅሎ ጠበቃቸው። «ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ሰው መሳም አስጠላኝ መሰለዎት» አለችኝ። እስክታገቢ ድረስ ባያልፍልሽ ጥሩ ነበር አልኳት።

መምህራቸው ሚስ ሻኩንታላ ትባላለች፣ ባ ከሚባለው የሸንኮራ አገዳ አገር የመጣች ቀጭን ሴት። ሥራ ስታከፋፍል ለሎሳና የደረሳት ድስቱ ነበር። ለጥርስ መፋቂያ የሚያገለግሉት ብረቶች በብሩሽ ታጥበው በወረቀት ይጠቀለላሉ። ከዚያ በላምባ ምድጃ ላይ፣ ክዳኑ በብሎን በሚጠብቅ ድስት ውስጥ፣ በታመቀ እንፋሎት ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። በጥቅሉ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር አለ፤ ሙቀት ሲነካው ነጩ መስመር ይጠቁራል። ከጥቅሉ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቁራጭ ወረቀት አለ፣ እሱ የሚጠቁረው እንፋሎቱ እስከ ውስጥ ገብቶ የሚበቃውን ያህል ሲቆይ ብቻ ነው። ሚስ ሻኩንታላ በየቀኑ ትደግመዋለች፦ «የውጩ ሙቀት በደጅ አለፈ ይላል እንጂ ገብቶ ገደለ አይልም። የውስጡን ሳታዩ ብረት አንስታችሁ ወደ ሰው አፍ እንዳትሄዱ።» ልጆቹ ከኋላዋ ድምጿን እየቀዱ ይሳለቁባት ነበር፣ ሎሳናም ጭምር።

ዓርብ ዕለት ከታከሙት መካከል ባሌ አለበት። ሳኪዩሳ ገና ሳይቀመጥ ጠጋ ብሎ ለሎሳና በሹክሹክታ ነገራት፦ ከዓመታት በፊት ሱቫ ሆስፒታል ደሙን መርምረው የጉበት ቫይረስ ይዘሃል ብለውታል፣ የወፍ በሽታ የሚያመጣውን። እሱን ራሱን አሳምሞት አያውቅም። ከእኔና ከእሱ በቀር ደሴቱ ላይ ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ያኔውኑ ክትባቱን ተወግቻለሁ። ልጅቷ እግዚአብሔር ይስጥልን አለችው፣ ድርብ ጓንት አጥልቃ ጥርሱን አሳምራ ፋቀችለት።

ቅዳሜ ዝናቡ ወረደ። ሚስ ሻኩንታላ ከተማሪዎቿ ግማሹን ይዛ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለው መንደር ተሻግራ ነበር። የዓርቡ ብረት ታጥቦ ተጠቅልሎ ድስት ሲጠብቅ ጣሪያው አፍስሶበት ራሰ። እርጥብ ጥቅል ድስት አይገባም። እሁድ ደግሞ በእኛ ዘንድ እሳት አይነድም፣ ልብስ አይታጠብም፣ ጀልባ አይገፋም። የተፈቀደው ሎቮ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ በጉድጓድ ግሎ፣ ሥጋውና ካሳቫው በቅጠል ተሸፍኖበት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በስሎ ይጠብቀናል። እሁድ ጠዋት ሎሳና ጥቅሎቹን በቆርቆሮ ትሪ ደርድራ ከሎቮዬ ቅጠል በላይ አስቀመጠቻቸው። ይድረቁ ብላ ነው፣ ለሌላ አልነበረም። እኔም አይቼ ምንም አላልኩ፤ እኛ እዚያ ላይ ጫማም እናደርቃለን።

ስንመለስ ጥቅሉ ደርቋል፣ ፕላስተሩም ጠቁሯል። አሳማ ከነአጥንቱ የሚያበስል ድንጋይ ነው መቼም። ልጅቷ ትሪውን አንስታ ጥቁሩን መስመር በጣቷ ዳሰሰች።

ሰኞ ጠዋት ያ ሁሉ ሕዝብ ከጎህ ጀምሮ ተሰልፏል። ሮፓቴ የሚባለው ጓደኛዋ ጓንቱን አጥልቆ፣ «ብረት የት አለ? እነዚህ አሮጊቶች እኮ ሊበሉኝ ነው!» እያለ ይጣራል። ምድጃው ገና አልተለኮሰም። ሎሳና የሎቮውን ጥቅል ንጹሕ ከሚባለው ሣጥን ከተተች። ሮፓቴ ጥቁሩን ፕላስተር አየ፣ ቀደደ፣ ሠራ። የውስጡን ወረቀት ከነመጠቅለያው ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ወረወረው። ከታከሙት ውስጥ ኬሌራ ነበረች፣ የአለቃችን ቃል አቀባይ የሽማግሌው ኤፓራማ የመጨረሻ ልጅ። እርጉዝ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል፣ በእርግዝናዋ ምክንያት ድዷ አብጦ ገና ሲነካ ይደማል። በሕፃንነቷ ክትባት የሚሰጠው ጀልባ በማዕበል ሳይመጣ ቀርቶ እሷና እኩዮቿ ሳይወጉ እንዳደጉ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ከማድ ቤቴ ኋላ ካሳቫ እየላጥኩ ሳለሁ ሎሳና መጣች። እጇ ውስጥ ቁራጭ ወረቀቶች ጨብጣለች። አንዱም አልጠቆረም።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ስጠርግ አገኘሁት። የውስጡ ነው፣ ኔይ። ነጭ ነው። ሁሉም ነጭ ነው።»

«ሎቮው አልገደለውም ማለት ነው?»

«አላውቅም! ገድሎት ይሆናል፣ ላይገድለው ይችላል። በደረቀ ደም ላይ ሳምንት የሚቆይ ነገር ነው፤ ዓይን የማያየው ደም በብሩሽ ሥር ያመልጣል። ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ አንድም አልሳትኩም።» ቁና ቁና ትተነፍሳለች። «ማስቀመጤ ለማድረቅ ነበር። ጠቁሮ ሳየው ግን ደስ አለኝ። ድስቱ እንደማይተካ እያወቅኩ፣ ዛሬ ሰው ፊት ላለመዘግየት ብዬ ከተትኩት። አላወቅኩም ልል አልችልም።»

«በጓዳ የምትነግሪኝ ባሌ ዓርብ ስለታከመ ነው?»

አንገቷን ደፍታ ወረቀቶቹን እጇ ውስጥ ደበቀቻቸው።

ለመምህርሽ ሰው ላኪላት አልኳት። ባሕሩ ተነስቷል፣ እስከ ጠዋት የሚሻገር ጀልባ የለም። ልጅቷ መቀመጥ አቃታት። ትቆማለች፣ ትቀመጣለች፣ ኬሌራ በመንገድ ስታልፍ ካየች ፊቷን ታዞራለች። በመጨረሻ እንደ አገሯ ልጅ አሰበች፤ ለዕርቅ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር ስጡኝ፣ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ገብቼ ይቅርታ ልጠይቅ አለች። ሳኪዩሳ ሲሰማ ከመቼውም ፈጥኖ ተነሳ። የደረቀውን ሥር ከጣሪያው ሥር አውርዶ፣ እኔ እናገርልሻለሁ አላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ነገሩ ሳይነካካ እንዲቀበር የሱን ያህል የፈለገ አልነበረም።

ገቡ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ከታች ተቀመጥኩ። ሎሳና ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ አጎነበሰች፣ ሳኪዩሳ ሥሩን ገፋ አድርጎ ዛሬ ንጽህናው ያልተረጋገጠ ብረት በአፋችሁ ገብቷል፣ ልጅቷ አጥፍታለች፣ በፊታችሁ ራሷን ጥላለች አለ። የማንን ደም እንደነካ አላነሳም። ሽማግሌው ኤፓራማ እጃቸውን ዘርግተው ሥሩን ነኩ።

«ሰማን። ተቀበልን። ልጃችን ናት፣ ጥፋቷ ተቀበረ። ከእንግዲህ ይህን የሚያነሳ የሙት አጥንት እንደሚያወጣ ነው።»

አጨበጨብን። ያንጎናው ተበጠበጠ፣ ጽዋው ዞረ። ኬሌራ ራሷ ሎሳናን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፣ «ለዚህ ነው እንዲህ የገረጣሽው? ሞኝ!» አለቻት። ልጅቷ ያን ማታ እንደ ሕፃን ተኛች። ማንኛውም የላው ልጅ የሚያደርገውን ነው ያደረገችው፤ ማንም አይወቅሳትም ነበር።

ጠዋት ሚስ ሻኩንታላ ተሻገረች። ገና ከጀልባው ሳትወርድ ሎሳና ወገቧ ድረስ ውኃ ገብታ ሁሉንም ነገረቻት። መምህርቷ አልጮኸችም። ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ዳርቻው እየወጣች፣ «ለታካሚዎቹ ነግረሻቸዋል?» አለች።

«ለሁሉም።»

«ጎበዝ። ክንዳቸውን ሰጡ?»

«አይ ሚስ። ይቅርታ ሰጡኝ።»

ሚስ ሻኩንታላ ቆመች። ዛሬ ደም መቀዳት አለበት አለች፤ ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል፣ ስድስት ወር ሲሞላም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ቫይረሱ በደም ውስጥ ቶሎ አይታይም። ክትባቱን ሐሙስ በሚመጣው ጀልባ አስልካለሁ አለች፣ ቶሎ ከተወጋ ሰውን ያድናል፤ የኬሌራ ሕፃን ደግሞ በተወለደበት ዕለት መወጋት አለበት፣ አለዚያ ከእናቱ ይዞት ሊወለድና ዕድሜ ልኩን ሊሸከመው ይችላል። አብራት የተሻገረችው ነርስ ጤና ጣቢያው ደጃፍ መርፌዋን ዘርግታ ተቀመጠች። የሰኞ ታካሚዎች ተጠሩ። መጡም፣ በአክብሮት ቆሙም። ክንዱን የዘረጋ ግን የለም።

«የምን ደም?» አለች አንዷ። «ምን ተደርገን?»

«ትናንት የተነገራችሁ ነገር» አለች ነርሷ።

«ትናንት የተነገረን ነገር የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ፣ ልጄ፣ መርፌሽን ክተቺ።»

ሎሳና ኬሌራን በእጇ ያዘቻት። «አንቺ እንኳ፣ እባክሽ። ሆድሽን እዪው።»

«አባቴ ተቀበረ ብሏል» አለች ኬሌራ፣ በቁጣ ሳይሆን ለሕፃን እንደሚያስረዱ። «እኔ ክንዴን ከሰጠሁ ነገሩ አለ ማለት ነው። የአባቴን ቃል በሰው ፊት ውሸት ላድርገው? ይቅር ብለንሻል እኮ፣ ሎሳና። ተይው።»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ሲባል እየሰማሁ ነው ያረጀሁት፤ ሰው ቃሉን እንዲጠብቅ የሚነገር መልካም ነገር ነበር የሚመስለኝ። ያን ቀን ግን የወለዱት የተባለችው ሆዷን ይዛ ፊቴ ቆማ ነበር።

ልጅቷ ወደ ቤቴ ተመልሳ ማዕዘኑን ይዛ ተቀመጠች። «ለራሴ ብዬ ነው የሄድኩት» አለች። «ከደረቴ ላወርደው። እነሱ ላይ አወረድኩት፣ ኔይ። እኔ ተኛሁ፣ እሱ በደማቸው እየሄደ ይሆናል። መጀመሪያ ክንዳቸውን፣ ከዚያ ይቅርታቸውን መለመን ነበረብኝ። የቱ እንደሚቀድም ሰነፍ ተማሪም አያጣውም።» የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር።

ከዚያ ተነሳች። ፊቷን ታጥባ ወደ ሽማግሌዎቹ ቤት ሄደች። ያንጎና አልያዘችም፣ የሚናገርላት ሰውም አልጠራችም። ሳኪዩሳና እኔ ከኋላ ተከተልን። በእኛ አገር ባዶ እጁን እዚያ ቤት የሚገባ ሊጣላ የመጣ ብቻ ነው።

«ትናንት የሰጣችሁኝን ይቅርታ መልሱልኝ» አለች፣ ምንጣፉ ጫፍ ተንበርክካ።

የሰማውን ያመነ የለም። ሽማግሌው ኤፓራማ ጆሯቸውን አስጠጉ። ደገመችላቸው።

«ጽዋው ተጠጥቷል» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ሥሩ ሆዳችን ውስጥ ነው። ይቅርታ ዕቃ መሰለሽ? ሱቫ እንዲህ ነው የሚያስተምሩት?»

«ካልተመለሰልኝ እኔ እጥለዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ይቅር ያልተባልኩ ነኝ። ጥፋቴ ክፍት ነው፣ በደጃችሁ የተጣለ ነው። እንዲህ ከሆነ ማንም ስለሱ መናገር ይችላል፣ ማንም ክንዱን መስጠት ይችላል። የኬሌራም ልጅ መርፌውን ያገኛል።»

«የልጄን ስም ተይ።» ሽማግሌው ተቆጡ፣ እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። «ብረቱ ቆሻሻ ቢሆን ምን ይገድላል? አፈር ስንበላ ነው ያደግነው። ብረቱ ላይ የምትፈሪው የማን ደም ነው?»

«ያንን አልናገርም።»

«ትቆፍሪያለሽ፣ አጥንቱን ግን ትደብቂያለሽ። ውጪ።»

አልወጣችም። ስሙን ብትጠራው ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር፣ እሷም ግማሽ ጥፋቷን በሰው ትከሻ ላይ ባሳረፈች። ራሷን እንዳዘነበለች ተንበርክካ ቆየች። እኔ ባሌን አየሁት፣ ባሌ ምንጣፉን ያያል። ውስጤ በእሱም በእኔም አፈረ፤ ትንሽ ልጅ የእኛን ምስጢር በጥርሷ ይዛ ስትሰደብ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠን እናያለን።

«የእኔ ነው» አለ ሳኪዩሳ በመጨረሻ። ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። «ደሜ ውስጥ የወፍ በሽታ አለ። ለልጅቷ ነግሬያት ነበር። ዓርብ እነዚያ ብረቶች እኔ አፍ ውስጥ ነበሩ። ትናንትም እዚህ ተቀምጬ ስናገርላት ይህንን አስቀርቼባችኋለሁ።»

ከሴቶቹ አንዷ በአፍንጫዋ ተነፈሰች። ኬሌራ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። የሽማግሌው ኤፓራማ ዓይን ከልጃቸው እጅ ላይ አልተነሳም።

«ይቅርታችን ተመልሷል» አሉ። «ልጅቷ በደለኛ ናት። የበደለኛ ሥርዓት ይጸናባታል።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ሂጂ፣ ክንድሽን ስጪ።»

ያን ቀን ሁሉም ክንዱን ሰጠ። ሐሙስ ክትባቱ መጣ፣ ሁሉም ተወጋ። ሎሳና ደግሞ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከማንም ማዕድ አልቀረበችም፤ በደለኛ እስኪታረቅ ምግብ አይካፈሉትም፣ ጣሪያ አያጋሩትም፣ ሲሄድ አይሸኙትም። ሳኪዩሳ በነጋታው ሥሩን ይዞ ገብቶ ስለ ዝምታው ለምኖ ታርቋል፤ የሱ ጥፋት ሊቀበር የሚችል ነበር፣ የሷ ግን የቀሩት ደሞች እስኪቀዱ ክፍት መቆየት ነበረበት። ልጅቷን ግን ከቤቴ ያወጣኋት እኔው ነኝ። ቦርሳዋን ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩላት። እሷ ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ኔይ» አለችኝ። ጀልባው ሲሄድ ከጓደኞቿ መካከል የአበባ ጉንጉን ያልተደረገላት እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ከማድ ቤት አልወጣሁም። ልክ ያደረገችውን ሰው እንደ ውሻ እየሸኘን መሆኑን አውቄ ነበር፣ አልወጣሁም።

የመጀመሪያው ደም ንጹሕ ነው ተባለ። ኬሌራ ወንድ ልጅ ወለደች፣ በተወለደበት ዕለት መርፌውን ተወጋ፣ መንደሩን ሁሉ በጩኸቱ ያደነቁራል። ሦስት ወር ሲሆን ሚስ ሻኩንታላ ከነርሷ ጋር ለሁለተኛው ደም መጣች። ከኋላዋ ሣጥን ተሸክማ ሎሳና ወረደች። ከስታለች። ማንም ሰላም አላላትም፣ ማንም ምንጣፍ አላነጠፈላትም፤ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ቆማ የእያንዳንዱን ክንድ በጎማ እያሰረች ለነርሷ ታቀርባለች። ሰዉ በዝምታ ተሰልፎ ይሰጣል። ከሰልፉ የቀረ የለም።

ኬሌራ ልጇን ታቅፋ ደረሰች። ቆም ብላ የሎሳናን ባዶ እጆች አየች።

«ያንጎና አልያዝሽም» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመንደራችን ሰው ያናገረቻት የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

«አልያዝኩም።»

«ልትታረቂ የመጣሽ መስሎኝ። አባቴ እኮ ይቀበልሻል። አርጅቷል፣ በየቀኑ ያነሳሻል።»

ሎሳና ጎማውን በጣቶቿ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። ዓይኗ ሞላ።

«ገና ነኝ» አለች። «አንድ ደም ይቀራል።»

ኬሌራ ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው፣ ክንዷንም ዘረጋችላት።